የጨረቃዋ ወይን እና የእኔ ስቅለት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ማርታ ከሥራ ቦታዋ ደወለችልኝ። ቅዳሜ አለቃዋ ቤት እራት ተጠርታለች፤ ባዶ እጇን መሄድ አልፈለገችም፤ እኔ ደግሞ ወይን ስለማውቅ አንድ ጥሩ ቀይ ወይን መርጬ እንድገዛላት ለመነችኝ። ወይን እንደማውቅ ከየት እንደሰማች እንጃ። እኔ ነግሬያት አላውቅም። እናቴ ሳትሞት በፊት ነግራት ይሆናል፤ እናቴ ነገር አፏ ውስጥ አያድርም ነበር። ለማንኛውም እሺ አልኳትና ዌስተን በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ከቤቴ ብዙም የማይርቅ የመጠጥ መደብር ሄድኩ። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር የሚያየኝ ሐበሻ እንዳይኖር በሩ ላይ ቆሜ ግራ ቀኝ ካየሁ በኋላ ነው የገባሁት።

ገባ እንዳልኩ ትልቅ ፖስተር ተሰቅሎ አየሁ። ፈረስ የወይን ማሳ ሲያርስ፣ ከፈረሱ በላይ ሙሉ ጨረቃ፣ ከታች ደግሞ አፈር የለበሰ የላም ቀንድ። ከፖስተሩ ሥር የተደረደሩትን ጠርሙሶች ከሩቅ አወቅኳቸው። ምልክታቸው እንኳ አልተለወጠም። አንድ ጺማም ወጣት ሻጭ ዓይኔ እዚያ ላይ ማረፉን አይቶ ጠጋ አለኝና፣ ይህ ከፈረንሳይ የመጣ ባዮዳይናሚክ የሚባል ወይን እንደሆነ፣ ባለቤቶቹ የሚዘሩትም የሚለቅሙትም ጨረቃን አይተው እንደሆነ፣ የጥንቱን ጥበብ ያልረሱ ሰዎች እንደሆኑ ይነግረኝ ጀመር። «አውቃለሁ» አልኩት። አነጋገሬ ምን ዓይነት እንደነበር እንጃ፣ ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ምን አጠፋ? ምንም አላጠፋም። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት ቆይቶም ደሜ ፈላ። ለማርታ ከሌላ አገር የመጣ ወይን አንስቼ፣ ከፍዬ ወጣሁ፤ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስም ብቻዬን ስነጫነጭ ቆየሁ።

ነገሩ ሲሆን ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ሪጀንት ፓርክ በሚባለው የመንግሥት ቤቶች ሰፈር እንኖር ነበር፤ አሁን ያለው መስተዋት በመስተዋት የሆነው ሳይሆን የድሮው፣ ቀይ ጡቡ፣ ገና ሳይፈርስ። ወደ ካናዳ የመጣነው ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ነው። እኔ ካምፑ ስንገባ ሕፃን፣ ስንወጣ ኮረዳ ነበርኩ። እናቴ እዚህ ከመጣን ጀምሮ ቢሮ ታጸዳ ነበር። ጉልበቷ አልቆ ደረጃ የምትወጣው የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጇ እየጎተተች ነበር፤ ሥራሽን ተይ ሲሏት ግን አትሰማም።

እኔ መሃል ከተማ አንድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራ የጀመርኩት ብርጭቆ በመወልወል ነው፤ ቆይቼ አስተናጋጅ ሆንኩ። ስሜ ሂሩት ነው፤ እነሱ ግን ቀለል ስለሚላቸው ሩት ይሉኝ ነበር፤ እኔም አልተቃወምኩም። የምግብ ቤቱ ወይን ኃላፊ ሞንትሪያል ተወልዶ ያደገ ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን ብርጭቆ ስወለውል ከሥሩ የቀረውን ጠብታ ሳሸት አየኝና፣ ምን ሸተተሽ አለኝ። ዝናብ የመታው አፈርና ቅርንፉድ አልኩት። ከዚያ በኋላ ጠርሙስ በከፈተ ቁጥር ይጠራኝ ጀመር። አፍንጫ ከእናቴ የወረስኩት ሀብት ነው። በልጅነቴ ካምፑ አጠገብ ወዳለው ገበያ ስንወጣ ቅቤው ያልተበረዘ መሆኑን አስቀድማ የምታስሸትተው እኔን ነበር፤ ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩን «መጣችላችሁ» ይባባሉ ነበር።

ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ ቦታው ክፍት ሆነ። እኔ ሁለት ክረምት ማታ ማታ የወይን ትምህርት ተምሬያለሁ፤ ከእኔ ጋር የሚወዳደር ሰው ቢኖር ኮሊን የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ «ቦታው ያንቺ ነው» ይለኝ ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤት ግሬግ ቢሮው አስጠርቶኝ ውሳኔውን ነገረኝ። ወይናቸውን በየዓመቱ የምናስመጣው የፈረንሳይ ርስት ባለቤት ማዳም ኤሎዲ በሚያዝያ ልትጎበኘን ትመጣለች፤ ለደንበኞችና ለወይን ነጋዴዎች የቅምሻ ግብዣ ይደረጋል፤ ወይኖቿን ለእንግዶቹ የማቀርበው እኔ እሆናለሁ፤ በደንብ ከተወጣሁት ቦታው የእኔ ነው፤ በወይን ለቀማ ወቅትም ፈረንሳይ ድረስ እላካለሁ። ለእናቴ የነገርኩት በምሥጢር ነበር። በማግስቱ ሊፍት ውስጥ ያገኘሁት ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። እኔ በልቤ ያሰብኩት ግን ፈረንሳይን አልነበረም። ያ ደመወዝ ሲመጣ እናቴን ከዚያ ከጽዳት ሥራ አስወጥቼ ቤቷ አስቀምጣታለሁ ብዬ ነበር።

ስለ ወይኑ ውሸት አልናገርም፤ ወይኑ ጥሩ ነበር። ርስቱ ቡርጎኝ በሚባለው አገር፣ ኮረብታ ላይ ያለ ትንሽ ማሳ ነው። ሦስት ዓይነት ቀይ ወይን ይልኩልን ነበር። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ሰው ሳያስበው ብርጭቆውን ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ኮምጠጥ ያለ፣ ቀይ ሥር ሲቀቀል የሚሸተውን የመሰለ ነገር አለበት። ሦስተኛው ከሁሉም ያረጁት ተክሎች ወይን ነው። እሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩ ዕለት ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ቆምኩ። ቆዳ አለበት፣ የበሰለ ቼሪ አለበት፣ ክረምት ሲገባ ከጫካ የሚመጣ የረጠበ ቅጠል ጠረን አለበት፤ ከዋጡት በኋላም እዚያው አፍ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ያማሁ እንደሆነ ወይናቸውን አይደለም።

አሠራራቸውን ሽማግሌው አስተምሮኝ ነበር። በመጸው የላም ቀንድ እበት ይሞሉና አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። ክረምቱን እዚያ ይከርምና በጸደይ ያወጡታል። ያን ከቀንዱ የወጣ ነገር ቆንጥረው ውኃ ውስጥ ይጨምሩና አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ለረጅም ጊዜ ያማስሉታል፤ ከዚያ ማሳው ላይ ይረጩታል። ሳማ ዘፍዝፈው የሚረጩበት ጊዜም አለ። ትራክተር አፈሩን ይጫነዋል ብለው በፈረስ ያርሳሉ። የሚተክሉበት፣ የሚገርዙበት፣ ጠርሙስ የሚሞሉበት ቀን ሁሉ በጨረቃ አካሄድ ይወሰናል። ቀኖቹ ስም አላቸው፤ የሥር ቀን፣ የቅጠል ቀን፣ የአበባ ቀን፣ የፍሬ ቀን። ይህን ለእናቴ ስነግራት ጥርስ አላስከደናትም። «እበት ቀንድ ውስጥ? ወለል የሚለቀለቅበት ጠፍቶ ነው?» አለች። ስቃ ስታበቃ ግን ካምፕ ውስጥ ሰብስበው ያስተማሩንን አስታወሰችኝ። ከውጭ የመጡት የግብርና ባለሙያዎች፣ በእንስሳ ማረስ፣ እበት ማዳበሪያ ማድረግ፣ ቀንና ወር እየጠበቁ መዝራት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው፤ የተራባችሁትም ለዚህ ነው ይሉን ነበር። እናቴ ያን ስትሰማ አፍራ አንገቷን እንደደፋች ታስታውስ ነበር። አሁን ደግሞ ያው ነገር ፈረንሳይ ውስጥ ሲሆን ጠርሙሱ በእሷ የሳምንት ደመወዝ የሚሸጥ ጥበብ ሆነ።

ግብዣው የተቆረጠው ለረቡዕ ነበር። ደስ አለኝ፤ ሰሙነ ሕማማት ቢሆንም እንደምንም አደርገዋለሁ ብዬ ነበር። ጥሪው ተልኮ፣ ምግቡ ታዝዞ ካለቀ በኋላ ከማዳም ኤሎዲ ኢሜይል መጣ። ረቡዕ የሥር ቀን ነው አለች። በሥር ቀን ወይን ይዘጋል፣ ጠረኑን ይደብቃል፣ ቀይ ወይኖቼን በዚያ ቀን አልከፍትም፤ የፍሬ ቀን የሚገባው ዓርብ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ለዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ይሁንልኝ አለች። አንድም ሰው አላጉረመረመም። ግሬግ ኢሜይሉን ለሁላችንም እያነበበ «እንዲህ ነው እምነት ማለት» እያለ ይደነቅ ነበር። ወጥ ቤቱ ዓሣውን ሰርዞ እንደገና አዘዘ፣ ለእንግዶቹ ሁሉ ተደወለ፣ ከሌላ ከተማ የሚመጡትም ሆቴላቸውን ቀየሩ። ለጨረቃ ሲባል ያ ሁሉ ሰው እሺ አለ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ዓርብ ስቅለት ነበር፤ የእኛ ስቅለት። የእነሱ ፋሲካ ካለፈ ሳምንታት ሆኖታል። እኔና እናቴ ደግሞ በየዓመቱ እናከፍላለን፤ ከዓርብ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ አንቀምስም። ካምፕ ውስጥ እንኳ፣ የሚቀመስ በሌለበት፣ እናቴ አክፍሎቱን አላጓደለችም። እኔ ጻድቅ ነኝ አልልም፤ በዚያ ጾም ውስጥ ስንት ሰው እንዳማሁ እግዜር ያውቀዋል። ግን ያ ቀን የእኔ ነው። ከአገሬ ይዤው የወጣሁት ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ግሬግ ቢሮ ገባሁና ነገርኩት። ሐሙስ ቢሆን፣ ወይም ቀጣዩ የፍሬ ቀን ቢሆን ብዬ ለመንኩት። ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ እንደ ሕፃን አየኝ።

«ሩት፣ በእያንዳንዱ ሠራተኛ አጉል እምነት የምግብ ቤት ሥራ አይመራም» አለኝ።

የእናንተ ስቅለት ዕለት ዘግተን ነበር አልኩት። እሱ የሕግ በዓል ነው አለኝ። ማዳም ኤሎዲስ አልኩት። እሱ ሙያ ነው አለኝ። ከዚያ ኮሊን ሊተካኝ ፈቃደኛ መሆኑን፣ ራሱ ግሬግ ግን ለእኔ ብሎ ዕድሉን እንደሚጠብቅልኝ፣ ምርጫው የራሴ እንደሆነ በለሰለሰ ድምፅ ነገረኝ። በጣም የሚያናድደኝ እስከ ዛሬ ያ ልስላሴው ነው። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ያኔ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረን የሌላ እምነት ሰዎችን አዳራሽ ተከራይተን ነበር የምንቀድሰው። አባታችን ራሳቸው ቀን ቀን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠሩ ስለነበር አለቃ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ሁሉንም ከሰሙ በኋላ አልተቆጡኝም።

«ልጄ፣ የጥንት ክርስቲያኖችም ባሪያ ሆነው ጾመዋል፤ ጌታቸው ሲያዛቸው ሠርተዋል። ሂጂና ሥራሽን ሥሪ። ጾምሽን ግን አትሽጪ» አሉኝ።

ነገሩን ከኮሊን ጋር ጨረስኩት። በሙያው ደንብ ጠርሙስ ሲከፈት ወይኑ አለመበላሸቱን ለማረጋገጥ ከእንግዳው በፊት የሚቀምስ ሰው አለ። እኔ እከፍታለሁ፣ እኔ አሸታለሁ፣ እኔ ስለ ወይኑ እናገራለሁ፤ ኮሊን አጠገቤ ሆኖ ይቀምሳል። ወይኖቹን ከጾሙ በፊት ደጋግሜ ስለቀመስኳቸው የማልናገረው ነገር አልነበረም። ኮሊን ደግ ልጅ ነበር፤ «አንቺ አፍንጫው፣ እኔ ምላሱ» ብሎ ሳቀ።

ዓርብ ጠዋት ከእናቴ ጋር ስግደት ቆምን። አዳራሹ በሰው ታጭቆ ነበር፤ ወለሉ ምንጣፍ ስለነበረ ከፊታችን የአቧራ ሽታ ይመጣ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ፣ «ሂጂ፣ እኔ ያንቺንም እሰግድልሻለሁ» አለችኝ፣ በዚያ ጉልበቷ። ወጣሁ። ውጭው የጸደይ ፀሐይ ነበር፤ ሰው ሁሉ ኮቱን አውልቆ አይስክሬም እየበላ ይሄዳል። በከተማው ሐዲድ ላይ የሚሄደው ስትሪትካር ውስጥ ቆሜ ሄድኩ። ምግብ ቤቱ ስደርስ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪዬን ለብሼ፣ ፀጉሬን አስሬ፣ ጠርሙሶቹ ዘንድ ቆምኩ።

ማዳም ኤሎዲ ቀጭን፣ ፀሐይ የመታት፣ እጇ የገበሬ እጅ የሆነ ሴት ነበረች። ወደድኳት። የመጀመሪያውን ወይን ከፈትኩ። ኮሊን ቀመሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እኔ ቀዳሁና ተናገርኩ። ስለ ኮረብታው፣ ስለ አፈሩ፣ ፈረሱ ስለሚረግጠው መሬት ተናገርኩ። ሰዎቹ ብርጭቆአቸውን እያሸተቱ ያዳምጡኝ ነበር። ሁለተኛውን ስጨርስ ማዳም ኤሎዲ ራሷ አጨበጨበችልኝ። ግሬግ ከሩቅ አውራ ጣቱን አንስቶ አሳየኝ። ቦታው የእኔ እንደሆነ ያኔ አወቅኩ፤ እናቴ ቤቷ ቁጭ ብላ እግሯን ስትዘረጋ ታየኝ።

ሦስተኛውን ከከፈትኩ በኋላ ማዳም ኤሎዲ ተነስታ አጠገቤ መጣች። የአሮጌዎቹን ተክሎች ወይን በየአገሩ ከሚያቀርበው ሰው ጋር አብራ ትቀምሳለች፤ የቤታቸው ልማድ ነው። ሁለት ብርጭቆ አስቀድታ አንዱን ዘረጋችልኝ። ሰው ሁሉ ያየናል። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ይቅርታ እንድታደርግልኝ፣ ዛሬ ለእኛ ስቅለት እንደሆነ፣ እስከ እሑድ ሌሊት ምንም እንደማልቀምስ ነገርኳት። አልተቆጣችም። በጉጉት፣ እንዴት ስቅለታችሁ ዛሬ ሆነ አለችኝ። ቀኑን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነው አልኳት፤ በእርስዎ ጨረቃ፣ ሌላ የለችንም አልኳት። ይህን ስነግራት እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ይህች ሴት ከሁሉም በላይ ትረዳኛለች ብዬ ነበር።

«ግን ያ እኮ ሃይማኖት ነው» አለች ትከሻዋን ነቅንቃ። «የእኔ ተፈጥሮ ነው።»

ግሬግ በሳቅ ሊሸፍነው ሞከረ። ሩታችን ከኢትዮጵያ ናት፣ ብዙ ደንብ አላቸው አለ። ያኔ ከፊት የተቀመጠ፣ ቀይ ክራባት ያሰረ፣ አፉ በወይን የቀላ ሰውዬ ብርጭቆውን ከፍ አደረገ።

«ከኢትዮጵያ? እናንተ ደግሞ እስከ ዛሬ የተራባችሁት አልበቃ ብሏችሁ ነው?»

ሳቁ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ ኮሊን ወለል ወለሉን ያይ ነበር፤ ማዳም ኤሎዲ እንግሊዝኛው ፈጥኖባት ግማሽ ፈገግታ ፊቷ ላይ ቀርቶ ነበር። ከሁሉም በላይ የሳቀው ግሬግ ነበር። የሰውየውን ስድብ ረስቼዋለሁ ማለት እችላለሁ፤ እንዲህ ያለውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግኩት። የግሬግን ሳቅ ግን አሁንም እሰማዋለሁ። ስንት ዓመት ያገለገልኩት ሰው፣ የእናቴን ስም የሚያውቅ፣ ከገና በዓል በኋላ የተረፈውን ኬክ «ለእናትሽ» እያለ የሚሰጠኝ ሰው ነው።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

«ተርቤ አውቃለሁ ጌታዬ። በልጅነቴ፣ ካምፕ ውስጥ፣ የሚበላ አጥቼ ተርቤያለሁ። ዛሬ ግን አልተራብኩም፤ ጾሜ ነው። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ሰው ምን እየጠጣ እንደሆነም አያውቅም።»

ጠርሙሱን አነሳሁና ለሁሉም ቀዳሁ፤ ለእሱም ቀዳሁለት፣ ያውም ጠብታ ሳላፈስ። ስለ ሦስተኛው ወይን የምናገረውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ስለ ቆዳው፣ ስለ ቼሪው፣ ስለ ረጠበው ቅጠል። ማንም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ጠርሙሱን ለምን አልወረወርሽም ያሉኝ ጓደኞች ነበሩ። ሙያዬ ስለነበረ ነዋ። እነሱ ቢያዋርዱትም እኔ ላዋርደው አልፈለግኩም።

ከፋሲካ በኋላ ግሬግ ጠራኝ። በዚያው በለሰለሰ ድምፁ፣ ቦታውን ለኮሊን እንደሰጠ ነገረኝ። እንግዶቼን አስጨነቅሽብኝ አለ። ደግሞስ ወይን የማይቀምስ የወይን አስተናጋጅ የት አገር ታይቷል አለ። በሥር ቀን ወይን የማይከፍት ባለ ወይንስ የት አገር ታይቷል አልኩት።

«እሷ የወይኑ ባለቤት ናት» አለኝ።

«እኔም የአፌ ባለቤት ነኝ» አልኩት።

ኮሊን ቦታውን ከመቀበሉ በፊት መጥቶ ጠይቆኛል። ውሰደው አልኩት። እሱ ምን ያድርግ? እምቢ ቢል ለእኔ አይሰጡኝም፤ ከሌላ ቦታ ነው የሚያመጡት። በመስከረም ፈረንሳይ ሄደ። እኔ ግን ያን መስከረም አልጠበቅኩም፤ ግሬግ በጠራኝ በዚያው ወር ለቀቅኩ። ሌሎች ሁለት ምግብ ቤቶች ሞክሬ ነበር፤ የቀድሞ አሠሪዬን ደውለው ሲጠይቁ ምን እንደሚላቸው እንጃ፣ መልሰው አይደውሉልኝም። በመጨረሻ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር፣ ለአውሮፕላን ተሳፋሪዎች ምግብ የሚያዘጋጅ ኩሽና ገባሁ። እዚያ አገባሁ፣ ማርታን ወለድኩ፣ ቤት ገዛን፤ እግዜር ይመስገን አልተቸገርኩም። እናቴ ግን ጉልበቷ ጨርሶ እምቢ እስኪላት ድረስ ቢሮ ስታጸዳ ኖረች። ያ የተመሰከረለት አፍንጫዬም ከሃያ ዓመት በላይ በፎይል የተሸፈነ ዶሮ ሲያሸት ኖረ።

እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ያን ቀን ስታነሳ ኮርታ ነበር የምታወራው። ልጄ ጾሟን አልሸጠችም ትል ነበር። እኔ ኩራቱ ብዙም አይታየኝም። አንዳንድ ጊዜ እንኳን እንዲያ አልኩት እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚታየኝ ያ የአሮጌ ተክል ወይን ነው፤ ዳግመኛ ቀምሼው አላውቅም። ሰው ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ሲባል መምረጡ ብቻ ይወራለታል። ምረጥ ያለውን ሰው፣ ማን ሥልጣን ሰጠህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ያን ሁሉ ዓመት ራሴን የማጽናናው በአንድ ነገር ነበር። ጊዜው ያ ነበር እል ነበር። ምግብ ቤቱ ትንሽ ነው፣ ግብዣው ትልቅ ነው፣ ግሬግም ዕዳ አለበት፣ ሰው ነው፣ ምን ማድረግ ይችል ነበር እል ነበር። ቂም ከብዶኝ ሲያድር በዚህ አቀለው ነበር።

እሑድ ዕለት ማርታ ከአለቃዋ ቤት እራት በኋላ ልትጠይቀኝ መጣች። ወይኑን በጣም እንደወደዱት፣ አለቃዋ ማን እንደመረጠው እንደጠየቀቻት ነገረችኝ። ሻይ እየጠጣን ስቅለት ዘንድሮ መቼ እንደሚውል ነገርኳትና፣ ያን ቀን ሥራ አለሽ ወይ አልኳት። ማርታ ከዓመት እስከ ዓመት የምትጾመው ስቅለትን ብቻ ነው፤ እሷንም ለአያቷ ብላ ነው። ቀና እንኳ አላለችም፤ ስልኳን እየነካካች ነበር።

«ኦፍ ወስጃለሁ እማ። በዛ ቀን ትልቅ ፕረዘንቴሽን ነበረኝ፣ ሲስተሙ ላይ ሪሊጅየስ ዴይ ብዬ ክሊክ አደረግኩ፣ አለቃዬ ወዲያው አፕሩቭ አደረገችው። ፕረዘንቴሽኑንም ለማክሰኞ ሙቭ አደረገችልኝ።»

ምን ብለሽ አስረዳሻት አልኳት። ምንም አለችኝ፤ አልጠየቀችኝም አለች። ለስንት ሰው ነበር ፕረዘንቴሽኑ አልኳት። ለብዙ ሰው ነው፣ ከሌላ ከተማ የሚመጡም አሉ፣ ግን ሁሉም እሺ አሉ አለች።

ሻዬን አስቀመጥኩ። ተመስገን ማለት ነበረብኝ፤ ልጄ የእኔ ዓይነት ቀን አልገጠማትም። ከልቤም ተመስገን አልኩ። ግን ያ «ምን ማድረግ ይችል ነበር» እያልኩ የምጽናናበት ነገር ሁሉ አንድ ባንድ ከእጄ ሲወድቅ ታወቀኝ፤ ስኒዬን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋሁት። ማርታ ስልኳን አስቀምጣ አየችኝ።

«እማ፣ ለምን ተናደድሽ? እሺ አለችኝ እኮ።»

«አዎ» አልኳት። «እሱ ነው ያናደደኝ።»